ጥቁሩ መርማሪ የክላን አባል ሲሆን፦ ከፊልሙ የትኛው እውነት ነው? ልጅዎስ ሊሞክረው ይገባል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከ17 ዓመት ልጄ ጋር ‹ብላክክላንስማን› የተባለውን ፊልም አየን። ጥቁሩ ፖሊስ በስልክ እያወራ፣ ነጩ ባልደረባው በአካል እየሄደ የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው የኩ ክለክስ ክላን አባል ይሆናሉ፤ በመጨረሻም ያከሽፏቸዋል። እውነተኛ ታሪክ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ክላን እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ፖሊስስ እንዲህ አድርጎ ሰው ማጥመድ ይፈቀድለታል? ልጄ ደግሞ ‹እኔም በሐሰት ስም ገብቼ ንግግራቸውን ቀድቼ አጋልጣቸዋለሁ› ማለት ጀምሯል። ልከልክለው ወይስ ላበረታታው?»

ምላሽ፦ ይከልክሉት። ነገር ግን «አደገኛ ነው» ተብሎ ብቻ የተከለከለ ወጣት ተደብቆ ሊያደርገው ስለሚችል ምክንያቱን በዝርዝር ይንገሩት። ቀድሞ መታረም ያለበት የፊልሙ መጨረሻ ነው። በእውነተኛው ምርመራ አንድም ሰው አልታሰረም፣ አንድም ክስ አልተመሠረተም። ፈንጂው፣ ያጠመደችው ሴት መያዟ፣ ዘረኛው ፖሊስ በባልደረቦቹ መጋለጡ፣ የክላን መሪው ዴቪድ ዱክ ሲያነጋግረው የቆየው ሰው ጥቁር መሆኑን በስልክ የተረዳበት ትዕይንት፣ ሁሉም ለፊልሙ የተጨመሩ ናቸው። የተማሪዎቹ መሪ ፓትሪስ የተፈጠረች ገጸ ባሕርይ ናት። ነጩ መርማሪ አይሁዳዊ ሆኖ መቅረቡም ፈጠራ ነው። ዘመኑም ተቀይሯል፦ ፊልሙ ወደ 1970ዎቹ መጀመሪያ የወሰደው ታሪክ የተፈጸመው በ1978 እና በ1979 ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እውነት የሆነው ክፍል ደግሞ ብዙ ሰው ፈጠራ ነው ብሎ የሚጠረጥረው ነው። ሮን ስቶልወርዝ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ፖሊስ የመጀመሪያው ጥቁር መርማሪ ነበር። በኦክቶበር 1978 በአካባቢው ጋዜጣ ላይ የክላንን የፖስታ ሣጥን ቁጥር የያዘች ትንሽ ማስታወቂያ አየ። ነጭ መስሎ፣ ጥቁሮችንና ሌሎችን የሚሳደብ ደብዳቤ ጻፈና በእውነተኛ ስሙ ፈርሞ ላከው። በስውር ምርመራ ሙያ ይህ ከባድ ስህተት ነው። ያዳነው ነገር የሰጠው ስልክ ለስውር ሥራ የተዘጋጀና በማውጫ ላይ የማይገኝ መሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው የክላን አደራጅ ራሱ ደውሎ ለምን አባል መሆን እንደሚፈልግ ጠየቀው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ስልኩን ስቶልወርዝ ያዘ፤ በአካል የሚገኘው ስቶልወርዝ በመጽሐፉ «ቸክ» ብሎ የሚጠራው ነጭ የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪ ሆነ። ቸክ ከልብሱ ሥር ማይክሮፎንና ማስተላለፊያ ታጥቆ ይገባል፤ ስቶልወርዝ ራቅ ብሎ በቆመ መኪና ውስጥ ሆኖ ይሰማል። የሚያዳምጠው ባልደረባው አደጋ ላይ ከወደቀ ሊደርስለት ብቻ አይደለም። ቸክ የተዋወቀውን ሰው፣ የሰማውን ዕቅድ፣ የሰጠውን ቃል ስቶልወርዝ በማግሥቱ ስልክ ላይ የገዛ ትዝታው አድርጎ መናገር አለበት። ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ሲቀርቡ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በድምፅ ሳይሆን በዚህ በትዝታው በኩል ነው። በድምፅ በኩልም አንድ ጊዜ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር። ቸክ ከተገኘበት ስብሰባ በኋላ ስቶልወርዝ ሲደውል አደራጁ «ድምፅህ ተለየብኝ» አለው። ስቶልወርዝ ሳል ሳል አለና ሳይነስ እንደያዘው ነገረው፤ ሰውየውም እሱንም እንደሚያመው ነግሮት ምን ቢያደርግ እንደሚሻለው ይመክረው ጀመር። አባልነቱን የፈለገ ሰው ሆኖ ቀርቦ ስለነበር ማንም ሊጠረጥረው አልፈለገም። የዚህ ዓይነት ቡድን ትልቁ ድክመት አዲስ አባል ለማግኘት ያለው ጉጉት ነው።

የአባልነት ካርዱ ሲዘገይበት ስቶልወርዝ ወደ ሉዊዚያና ደውሎ የድርጅቱን ብሔራዊ መሪ ዴቪድ ዱክን ራሱን አገኘው፤ ካርዱም የዱክ ፊርማ አርፎበት መጣ። የጥቁር ሰው አነጋገር ወዲያው እንደሚታወቀው ዱክ ለዚሁ ጥቁር መርማሪ በስልክ ማስረዳቱም እውነት ነው። በጃንዋሪ 1979 ዱክ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ጠባቂው እንዲሆን የተመደበው ስቶልወርዝ ነበር። አብረው የተነሡበት ፎቶ በኋላ ጠፍቷል፤ ካርዱ ግን አለ።

እንግዲህ ያን ሁሉ ከሰሙ ለምን አላሰሩም? ምክንያቱም መረጃ መሰብሰብና ወንጀልን በማስረጃ ማረጋገጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በአሜሪካ የክላን አባል መሆን ወንጀል አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 አላባማ የጥቁሮች መብት ድርጅቱን ኤንኤኤሲፒን የአባላት ዝርዝር እንዲያስረክብ ማስገደድ አትችልም ሲል የመደራጀት ነፃነትን አጸና፤ ያው ነፃነት ክላንንም ይሸፍናል። በ1969 ደግሞ በኦሃዮ የክላን መሪ ጉዳይ፣ ንግግር የሚያስቀጣው ወዲያውኑ ሕገ ወጥ ድርጊት እንዲፈጸም ለማነሣሣት የታለመና ድርጊቱንም ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው ተብሎ ተወሰነ። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው የሚሳደቡ፣ ስለ መጪው የዘር ጦርነት የሚያወሩ ሰዎችን ወራት ሙሉ ቢሰሟቸውም የሚያስከስስ ነገር ላይገኝ ይችላል። መስቀል ማቃጠልም ቢሆን ሰውን ለማስፈራራት ታስቦ ሲደረግ ስቴቶች ሊያስቀጡበት እንደሚችሉ በግልጽ የተወሰነው በ2003 ነው።

የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ምርመራ ፍሬ ሌላ ነበር፤ እኔ ትንሽ ነው አልልም። መስቀል የሚቃጠልበት ምሽትና ቦታ ሲታወቅ የጥበቃ መኪኖች በዚያ አካባቢ እንዲበዙ ይደረጋል፤ ክላኖቹም ፖሊስ በዛ ብለው ይተዉታል። ማንም አይያዝም፣ ጋዜጣም አይጽፈውም፣ አንድ ቤተሰብ ግን ደጁ ላይ እሳት ሳያይ ያድራል። ሁለተኛው ፍሬ ስሞቹ ናቸው። ከአባላቱ መካከል በአቅራቢያው ያለው የፎርት ካርሰን ጦር ሠፈር ወታደሮች ነበሩ፤ በሰሜን አሜሪካ የአየር መከላከያ ዕዝ በኖራድ የሚሠሩ፣ ከፍተኛ የምስጢር ፈቃድ የነበራቸው ሁለት ሰዎችም ተገኙ። ለሠራዊቱ ተነግሮ እነዚህ ሁለቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ምርመራው የተዘጋበትን፣ ፊልሙ የተወውን ምክንያት ልጅዎ በደንብ ቢያውቀው ይሻላል። ወታደር የነበረው አደራጅ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ስለነበር በእሱ ቦታ ቅርንጫፉን እንዲመራ የታጨው «ሮን ስቶልወርዝ» ሆነ። ሰርጎ ገብ አባል ሆኖ መስማት አንድ ነገር ነው፤ ቡድኑን መምራት፣ አዲስ አባል መመልመል፣ ሰልፍ መጥራት ግን መንግሥት ራሱ የክላንን ሥራ ሠራ ማለት ይሆናል። የፖሊስ አዛዡ ወሬው ቢወጣ የሚመጣውን ነቀፋ ፈርቶ ምርመራው እንዲቆም፣ ሰነዱም እንዲጠፋ አዘዘ። ስቶልወርዝ የተወሰነውን ወደ ቤቱ ወስዶ አስቀመጠ፤ ታሪኩን ለጋዜጣ የተናገረው በ2006፣ መጽሐፉን ያሳተመው በ2014 ነው። መቆም ነበረበት ወይ ብትሉኝ አዎን፣ ነበረበት። ሰነዱ እንዲጠፋ መታዘዙ ግን ስህተት ነበር።

ስለ «ማጥመድ» የጠየቁት ሁለት ነገሮችን ያቀላቅላል። ፖሊስ ማንነቱን ደብቆ ሰውን ማታለል ይፈቀድለታል፤ ምስጢሩን ለማይታመን ሰው የነገረ ሰው ሕገ መንግሥቱ ከዚያ ስህተቱ እንደማይጠብቀው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 ወስኗል። የማይፈቀደው ወንጀል ለመሥራት ያላሰበን ሰው ወትውቶ ወንጀለኛ ማድረግ ነው። ይህ መከላከያ በ1932 በፌዴራል ደረጃ ዕውቅና አገኘ፤ በ1992 ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በላይ በሐሰት ድርጅቶች ስም ደብዳቤ ሲልክለት የነበረ ሰው ላይ የተላለፈው ፍርድ በዚሁ ምክንያት ተሽሯል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰርጎ ገብ ሐሳብ አያመነጭም። «እንዲህ ብናደርግስ?» አይልም፤ «ምን ታስባላችሁ?» ብሎ ይሰማል። ክስ ባልነበረበት በኮሎራዶ ጉዳይ ይህ ጥያቄ ጨርሶ አልተነሣም።

የዚህ ስልት ከባዱ ችግር ግን ከሕጉ ይልቅ በተግባር የሚታየው ነው። በውስጥ ጆሮ መኖር ብቻውን ሰውን አያድንም። ጋሪ ቶማስ ሮው ከ1960 እስከ 1965 በአላባማ ክላን ውስጥ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው የኤፍቢአይ መረጃ አቀባይ ነበር። በአውቶቡስ እየተጓዙ የዘር መለያየትን የሚቃወሙት የነፃነት ተጓዦች በሜይ 1961 በርሚንግሃም ሲገቡ እንደሚደበደቡ አስቀድሞ ተናገረ። ኤፍቢአይም ለከተማው ፖሊስ አሳወቀ፤ ፖሊሱ ግን ለክላን ማንም ሳይከለክለው የሚደበድብበት 15 ደቂቃ ለመስጠት የተስማማው ያው አካል ነበር። ሮው ራሱም በድብደባው ተካፈለ። በማርች 1965 ቫዮላ ሊዩዞ የተባለችው የመብት ታጋይ ከሚሮጥ መኪና በተተኮሰ ጥይት ስትገደል ከአራቱ የክላን ሰዎች አንዱ ሆኖ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በነጋታው ተጠርጣሪዎቹ የታወቁት በእሱ ነው፤ ሴትየዋ ግን ሞታለች።

ከዚህ የባሰው በግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በኖቬምበር 3 ቀን 1979 የሆነው ነው። ከፖሊስ ገንዘብ የሚቀበል መረጃ አቀባይ ክላኖችና ናዚዎች ታጥቀው ወደ ፀረ ክላን ሰልፉ እንደሚመጡ ለፖሊስ ተናግሯል። ሰልፉ የሚነሣበትን ቦታ የያዘውን የፈቃድ ወረቀት ቅጂ ከፖሊስ ያገኘውም፣ የመኪኖቹን ሰልፍ ፊት ሆኖ የመራውም እሱ ነው። አንድ የፌዴራል ወኪልም በናዚዎቹ ውስጥ ተሰግስጎ ነበር። ተኩሱ ሲጀመር ፖሊስ በቦታው አልነበረም። በ88 ሰኮንድ ውስጥ አምስት ሰዎች ተገደሉ፣ የቴሌቪዥን ካሜራዎችም ቀረጹት። እንዲህም ሆኖ በስቴትም በፌዴራልም የወንጀል ችሎት ተከሳሾቹ ነፃ ወጡ። መረጃ የሚሰጥ ሰው ቢኖርም መረጃውን ተቀብሎ በሰዓቱ የሚንቀሳቀስ አካል ከሌለ የሚገኘው ውጤት ይህ ነው። የስቶልወርዝ ሥራ የተሳካው ሰሚውና ኃይል አሰማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር ስለነበሩ፣ ቸክም ደመወዝተኛ ፖሊስ እንጂ ለገንዘብ የሚያወራ የቡድኑ አባል ስላልነበረ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይኸው መሣሪያ በጥቁሮች ላይም ውሏል። ኤፍቢአይ ከ1956 እስከ 1971 ባካሄደው ምስጢራዊ ፕሮግራም ማርቲን ሉተር ኪንግን ጨምሮ የመብት ታጋዮችን አሳድዷል። ስቶልወርዝም ራሱ በመጀመሪያ ለስውር ሥራ የተላከው የጥቁሮች መብት ታጋዩን የኩዋሜ ቱሬን ንግግር እንዲያዳምጥ ነው። ፊልሙ ይህን ያሳያል፤ ግን ቶሎ ያልፈዋል። ሰርጎ መግባትን በራሱ በጎ ነገር አድርጎ ማየት አይገባም።

«ክላን ለምን አለ?» ላሉት፦ ቡድኖቹን የሰባበራቸው ከስውር ፖሊስ ይልቅ ግልጽ ችሎት ነው። የመጀመሪያው ክላን የተመታው በ1871 በወጣው የፌዴራል ሕግና በደቡብ ካሮላይና በተደረገው የጅምላ እስራትና ክስ ነው። ሮው የተሰገሰገበት ዩናይትድ ክላንስ ኦቭ አሜሪካ ከእሱም በኋላ ሃያ ዓመት ኖሯል። የፈረሰው በ1981 በሞቢል፣ አላባማ፣ ማይክል ዶናልድ የተባለ ወጣት ተገድሎ በዛፍ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እናቱ በመሠረተችው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። በ1987 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) 7 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት፤ ድርጅቱ በታስካሉሳ የነበረውን ዋና ጽሕፈት ቤቱን ለእሷ አስረከበ።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የቀረበ ጉዳይ አለ፤ ልጅዎ ከፊልሙ ይልቅ ይህን ቢያጠና እመርጣለሁ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣው ሙሉጌታ ሥራው በኖቬምበር 1988 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ መኖሪያው ደጃፍ ባደረሱት ሌሊት ሦስት ስኪንሄዶች (ጭንቅላታቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች) በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። 28 ዓመቱ ነበር፤ አገር ቤት ልጅ ነበረው። ሦስቱም ጥፋተኛነታቸውን አምነው ታሰሩ። ነገሩ በዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። የጥላቻ ቡድኖችን የሚታገሉት ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርና አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ግን በቤተሰቡ ስም ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ዋይት ኤሪያን ሬዚስታንስ የተባለውን የነጭ ዘረኞች ድርጅት በሚመራው በቶም ሜትዝገርና በልጁ ላይ ክስ መሠረቱ። አከራካሪው ነጥብ በቦታው ያልነበረ ሰው እንዴት ይጠየቃል የሚለው ነበር። መልሱ በውክልና ሕግ ተገኘ፦ አባትና ልጅ ወጣቶቹን እንዲያደራጅ ወኪል ልከዋል፤ ልጁ ወኪሉን ከፖርትላንዶቹ ጋር የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ጽፏል፤ ወኪሉም ራሱ ቀርቦ ዓመፅ እንዲያስተምር መላኩን መሰከረ። በፍትሐ ብሔር ችሎት ከጥርጣሬ ሁሉ በላይ ማስረዳት አይጠበቅም፤ ሚዛኑ ወደ ከሳሽ ማዘንበሉ ይበቃል። በኦክቶበር 1990 ጁሪው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ከዚያ ገንዘብ ቤተሰቡ እጅ የገባው ጥቂቱ ነው፤ ሜትዝገር ግን ቤቱን አጣ፣ ድርጅቱም እንደ ቀድሞው አልሆነም። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ስውር ፖሊስ አልነበረም። የተሰጡት ማስረጃዎች ደብዳቤዎች፣ የድርጅቱ የራሱ ጽሑፎችና ከውስጥ የወጣ ምስክር ነበሩ።

ወደ ልጅዎ ዕቅድ ስመለስ የመጀመሪያው እንቅፋት የምትኖሩበት ስቴት ነው። በኮሎራዶ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ የስልክ ንግግር መቅዳት ይቻላል፤ በቨርጂኒያና በዲሲም እንዲሁ ነው። በሜሪላንድ ግን ሁሉም ተነጋጋሪዎች ካልፈቀዱ የግል ንግግርን መቅዳት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ከባድ ወንጀል ነው። ለፖሊስ የተለየ ፈቃድ አለ፤ ለ17 ዓመት ልጅ የለም። ስለዚህ ተከሳሽ የሚሆነው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ እነዚህ ቡድኖች አዲስ ገቢን የሚፈትኑት የጥላቻ ጽሑፍ እንዲለጥፍ፣ ፎቶውን ወይም ድምፁን እንዲልክ በማድረግ ነው። የለጠፈው ነገር በስሙ ይቀራል፤ ማንነቱ ከታወቀ ደግሞ ቤታችሁን ያገኙታል። ዜግነት ገና ካልወሰደ፣ የዜግነት ማመልከቻው አባል ስለሆነባቸው ቡድኖች እንደሚጠይቅ አይዘንጉ። ከኋላው መኪና ውስጥ የሚያዳምጥ ባልደረባም አይኖረውም።

ማድረግ የሚችለው ይህ ነው። ማስፈራሪያ ወይም የጥቃት ጥሪ በሕዝብ ፊት ተለጥፎ ካየ መልስ ሳይሰጥ ስክሪንሾት ያንሣ፤ የአካውንቱ ስም፣ የገጹ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት በአንድ ምስል ላይ ይታዩ። ምስሉን አይቁረጠው፣ ምልክት አያድርግበት፤ ቅጂውን በሌላ ዕቃ ላይ ያስቀምጥ። ወደ እናንተ የመጣ የጽሑፍ መልእክት ወይም የተተወ የድምፅ መልእክት ካለ አታጥፉት፤ ላኪው ራሱ የተወው ስለሆነ እንደ ስውር ቅጂ አይቆጠርም። አደጋው የቀረበ ከሆነ 911 ይደውሉ። ካልሆነ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ አመልክተው የጉዳዩን ቁጥር ይቀበሉ፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ ለኤፍቢአይ የባልቲሞር ቢሮ ደግሞ በተጨማሪ ያሳውቁ። አቤቱታው ውስጥ «በዘራችን ምክንያት» የሚያሰኘው ቃል ወይም ድርጊት በትክክል እንደተባለው ይጻፍ፤ በጥላቻ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። ጉዳት ከደረሰ በወራት ውስጥ የሰብአዊ መብት ጠበቃ ያማክሩ፤ የፍትሐ ብሔር ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ከስቴት ስቴት የሚለያይ ሲሆን ካለፈ አይመለስም።